ቦታ መያዣ

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቤት ፍለጋ ዞረን፣
በአንድ ጃንጥላ ሥር በየተራ ርሰን፣
ኪራይ ሽቅብ ሲወጣ ቁልቁል ተሸኝተን፣
ከመሐል ተገፍተን ጠርዙ ላይ ተገኝተን፣

ለገጣፎን አየን።
አጥሩ ቤቱን በልጦ፣ ውሻው ከሰው በዝቶ፣
ሰላም ብንል እንኳን የሚመልስ ጠፍቶ፣
ዘበኛው በቀዳዳ አንድ ዓይኑን አውጥቶ
«ማንን ፈለጋችሁ?» አለን ተቆጥቶ።
ማንንም አልነው።
ቤት ነበር የፈለግነው።

ቡራዩ ላይ ደግሞ ጓሮው ጎመን ያበቅላል፣
ጣሪያው አያፈስም፣ ኪራዩም ይቻላል።
ገዛኸኝ ወደደው፤ በረንዳው ላይ ቆሞ
ቴሌቪዥኑን ሰቅሎ፣ አልጋውን አጋድሞ
በሐሳቡ ጨረሰ።
እኔ ግን ቆጠርሁ፤ ከዚያ እስከ ቢሮዬ
ሦስት ታክሲ፣ ሦስት ሰልፍ። ረድኤት፣ ልጅዬ፣
ስወጣ ተኝታ፣ ስገባ ተኝታ፣
የምታየኝ በእሑድ በእሑድ ብቻ፣
እንደ ገበያ ቀን።

ደላላው ጉደታ ለሁሉ መልስ አለው፤
ውሃስ? «በፈረቃ ነው፣ ግን ንጹሕ ውሃ ነው።»
መብራትስ? «አይጠፋም፣ ቢጠፋም ይመጣል።»
መንገዱስ? «ኮብልስቶን ዘንድሮ ይነጠፋል።»
ታክሲስ? «ከበር ላይ።»
በሩ የት እንደሆን ግን አልነገረንም፤
ሃያ ደቂቃ ሄድን፣ አልደረስንበትም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ ወጣን፤
አራት ፎቅ ደረጃ፣ መደገፊያ አጥተን።
ቧንቧውን ስከፍተው ነፋስ ብቻ ተፋ፣
የጉደታም ጨዋታ እዚያው ላይ ጠፋ።
ከመስኮቱ ቆሞ ወደ ታች ጠቆመ፦
«ያ ብሎክ ይታይሻል? ልብስ የተሰጣበት፣
የአባቴ ሽምብራ ነበር የሚዘራበት።»
ዝም አልን ሁላችን።
እሱም ቁልፉን አንቃጭሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ
«ኮሚሽን አልቀንስም» አለን ፊቱን ወዲያ አድርጎ።

ቤት በቅዳሜ አይታወቅም፤ ቅዳሜ ሁሉ ቦታ ያምራል፤
የሰፈር እውነቱ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል።
ስለዚህ እሑድ ማታ ዘነበች ዘንድ አደርሁ፣
አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከሰልፉ ጭራ ቆምሁ።

ሰልፉ ቀድሞኝ ነበር፦ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ድንጋይ።
አንድ ቀይ ጡብ፣
አንድ ጀሪካን፣ ክዳኑ በፌስታል የታሰረ፣
አንድ ቁራጭ ብሎኬት፣ ሰማያዊ ቀለም የነካው።
«ጡቡ የማን ነው?» አልሁ።
«የሲስተር ብርቅነሽ፤ ልጇን አጥብታ ትመጣለች።»
«ጀሪካኑስ?»
«የመምህር ዳንጊሶ፤ ወገባቸው ሲፈታ ይደርሳሉ።»
«ብሎኬቱስ?»
እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዲት ሹራብ የደረበች ልጅ
«የጋሽ ወልደሰንበት ነው» አለች። «ሚያዝያ ላይ አረፉ።
የሚያነሣው ጠፋ።»

ታክሲው መጣ። «ሳሪስ! ሳሪስ! ሳሪስ ያላችሁ!»
ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ፣ ከኋላ ያለው ሰው
በጫማው ጫፍ፣ ቀስ አድርጎ፣ ብሎኬቱን ገፋው።
ከበሩ ሲደርስም፣ ማንም ምንም ሳይለው
አንዱ አንሥቶ፣ አቅፎ፣ ከጭራው መለሰው፤
ነገ ደግሞ ይሰለፋል።

ስልኬ ጮኸ። ገዛኸኝ ነው።
«እህስ፣ ውሃ አለ?»
«የለም።»
«መብራትስ?»
«ሌሊቱን ጠፍቶ ነበር።»
«ታዲያ ምን አለ?»
ምን ልበለው፣ እንዲህ በሩጫ፣ እንዲህ በስልክ?
«ማታ እነግርሃለሁ» አልሁት።

ተራዬን ለልጅቷ ለቅቄ፣
ከአሸዋው ክምር ሥር
መካከለኛ ድንጋይ መርጬ፣
ከብሎኬቱ ኋላ አስቀመጥሁ።
ውል ገና አልፈረምሁም።